ቁም

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጧትና ከሰዓት፣
ጂሎንግ በምትባል ወደብ፣ ከትምህርት ቤቱ በራፍ፣ ከመንገዱ ጥጋት፣
ብርቱካንማ ሰደርያ፣ ሰፊ ነጭ ባርኔጣ፣
«ቁም» የሚል ሰሌዳ በእጇ፣ ዝናብም ነፋስም ቢመጣ
ግሌኒስ ነበረች።

የጭነት መኪናው ይቆማል። ወተት አመላላሹ ይቆማል።
የፋብሪካ ሰዓት የረፈደበት፣ መሪውን እየደበደበም ቢሆን፣ ይቆማል።
እኛም በክንዷ ሥር እንደ ዳክዬ ጫጩት ተግተልትለን፣
ቦርሳችን ከኛ በልጦ እያንገዳገደን፣
እንሻገር ነበር።
የጫማ ክሩ ሁሌ የሚፈታው ያ ልጅ እኔ ነኝ፤
«ሌይቶን፣ እሰረው!» ስትለው «እሺ» ብሎ የሚሮጠው እኔ ነኝ።

ፋብሪካው ተዘጋ። ባሏ ሬይመንድ ሞተ። እሷም ጡረታ ወጣች።
አሁን ከክበቡ አዳራሽ፣ ከጥጉ ወንበር ላይ አለች።
እኔም በዚሁ ቤት ሻይ አመላላሽ ሆኛለሁ።
መስኮት የለው ቤቱ፣ ሰዓት የለው ግድግዳው፤
ውጪው መዝነብ አለመዝነቡን የምናውቀው
በገቢ ሰው ጫማ ጭቃ ነው።

ማሽኑን «የጨረቃ ዓሣ» ይሉታል።
አንድ ሉል ይመጣል። ሁለተኛው ይከተላል።
ሦስተኛው ከመስመሩ የጥፍር ታህል ዝቅ ብሎ ይቆማል።
«አየህ?» ትለኛለች፣ «ለጥቂት!»

ለጥቂት አልነበረም። ጠጋኙ ነግሮኛል፣ ሆዱን ከፍቶ ሲያጸዳ፤
ጣቷ ቁልፉን በነካ ቅጽበት ተቆርጦ አልቋል ዕዳ፤
ከዚያ ወዲያ የሚሽከረከረው፣ የሚያጓጓው ሁሉ፣
ከፍርድ በኋላ የሚሟገቱት ሙግት ነው በሙሉ።

አንድ ዶላር ውጦ ሠላሳ ሳንቲም ይተፋል፤
ለሠላሳዋ ግን ደወል ይደውላል፣ ብርሃን ይረጫል፣ ይዘፍናል፤
«ሰባው የት ገባ?» የሚል ቢኖር ድምፁ በዚያ ይዋጣል።
ሰርግ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፣
ሙሽራዋ እየተዘረፈች ሚዜው የሚጨፍርበት።

«ለገንዘቡ መስሎህ?» አለችኝ አንድ ማክሰኞ፣ ዓይኗን ሳትነቅል።
«ቤቴ ውስጥ የሚያናግረኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።
እዚህ ስቀመጥ ምንም አይሰማኝም፤
ጉልበቴም፣ ሬይመንድም፣ የመብራት ሒሳቡም።
የምከፍለው ለዚያ ምንም ነው።»

ሻዩ በነጻ ነው። ሳንድዊቹም በነጻ።
እንዳትነሳ ነዋ፤ ወንበሩ እንዳይቀዘቅዝ።
እኔ አበላታለሁ፤ እሱ ይበላታል፤
ወሩ ሲያልቅ የኔን እንጀራ የሚቆርስልኝም
ያው የሱ አፍ ነው።
ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም። እሷንም ያሻገረቻት ግሌኒስ ናት።

ሐሙስ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ከገንዘብ ማውጫው ደርሳ ተመለሰች።
ካርዱን በጥርሷ ይዛ፣ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋ።
ጧት ያመጣሁላት ሻይ ላይ ቆዳ ረግቷል።
አለቃዬ ከባንኮኒው ጀርባ ያያል።
ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ትሪዬን መሬት አስቀመጥኩ፣
በሷና በመስተዋቱ መሃል ገባሁ፣
መዳፌን ዘርግቼ፣ ክንዴን እንደ ድሮዋ እሷ ከፍ አድርጌ፣
«ግሌኒስ» አልኩ፣ «ቁሚ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ።
ሰማያዊው ብርሃን ከጀርባዬ ፈስሶ ፊቷን እያጠበ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት አየችኝ፤
ከፀጉሬ ጀምራ ቀስ ብላ ወረደች፣
ደረቴ ላይ ካለው የስም ምልክት፣ ከሸሚዜ፣ ከጉልበቴ፣
እስከ መሬት።
ከንፈሯ ፈገግ አለ።
«ሌይቶን» አለች፣ «ክርህ ተፈቷል።»

ተፈቷል። እውነቷን ነው።
ጎንበስ አልኩ፣ ደስ እያለኝ፣ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ፤
አንዱን ቀለበት ሠራሁ፣ ሌላውን በሱ አዞርኩ፣
በሕይወቴ አንድ ቀን በቅጡ አሰርኩ፤
ገና ሳልነሳ፣ ከአናቴ በላይ፣
ቁልፉ «ቀጭ» አለ።

ዓሦቹ አንድ ባንድ ተሻገሩ።